እማዬ ቆሎ መቆርጠም ስትተው፦ የአረጋውያንን ጥርስ ከቤት እስከ ሐኪም ወንበር የመንከባከቢያ መመሪያ

ለጥምቀት እናቴ ዘንድ መንዝ ሄጄ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ቆሎ ቀረበ። የገብስ ቆሎ ነው፣ ሱፍ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ሁላችንም እየዘገንን እንቆረጥማለን። እማዬ ድርሻዋን በእፍኟ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። ቆሎዋን ወቅጣ፣ በሻይ አርሳ ይዛ ተመለሰች።

«ምነው?» አልኳት።

«ኧረ ምንም። እንዲህ ነው የሚጥመኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስቀል ወዲህ» አለች። የትኛው መስቀል እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ጠዋት ደጅ አስቀምጬ አፏን አየሁት። ከታች በግራ በኩል አንዱ መንጋጋ ከድዱ እኩል ተሰብሮ ስሩ ብቻ ቀርቷል። ጫፉ ምላጭ ነው። ምላሷ በዚያ በኩል ተልጦ ነጭ ሰንበር አውጥቷል። ይህን ይዛ ነው ስንት ወር ፍትፍት ብቻ እየበላች የከረመችው። መቀነቷም አንድ ዙር ጨምሮ ነበር። እኔ ጾሙ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አረጋውያን ስለ ጥርሳቸው አይናገሩም። «ካረጁ ይረግፋል፣ ምን ይደረጋል» ይላሉ። ይሄ ልክ አይደለም። ጥርስ በዕድሜ ይሳሳል፣ ይበልዛል፣ ግን በዕድሜ ብቻ አይረግፍም። የሚያረግፈው የድድ በሽታና መቦርቦር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች ውስጥ አንድም ጥርስ ያልቀራቸው 23 በመቶ ያህል ናቸው። የቀሩት ትንሽም ቢሆን ጥርስ ይዘው ነው ያረጁት። ያ የቀረ ጥርስ ነው ጠባቂ የሚያጣው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እናቴን ይዤ የተመላለስኩ፣ በየወንበሩ ሐኪሞችን በጥያቄ ያሰለቸሁ ልጅ ነኝ። እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

1. ሳትጠይቁ እዩ

«ጥርስሽን ያምሻል?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ «እግዜር ይመስገን» ነው። ማዕድ ላይ ተመልከቱ። በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚያኝኩት? ደረቅ ደረቁን ትተው ወጥ የራሰውን እንጀራ ብቻ ይመርጣሉ? ጥብስ ሲመጣ «ጠግቤያለሁ» ይላሉ? ቀዝቃዛ ውሃ ሲጎነጩ ፊታቸው ኮምተር ይላል? ሲስቁ በነጠላቸው አፋቸውን መሸፈን ጀምረዋል? ከእነዚህ ሁለቱን ካያችሁ ቀጥሉ።

አፍ ለማየት ጥሩው ሰዓት ረፋድ ላይ ነው፣ ደጅ፣ ፊትን ወደ ብርሃን አዙሮ። የስልክ መብራት ጨምሩበት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጉንጭ ለመግለጥ የንጹሕ ማንኪያ እጀታ ይበቃል። የሚወልቅ ጥርስ ካላቸው መጀመሪያ ያውጡት።

ከከንፈር ውስጥ ጀምሩ። ከዚያ ሁለቱ ጉንጮች። ከዚያ ምላስ፤ ጫፉን በንጹሕ ጨርቅ ያዝ አድርጋችሁ ግራና ቀኝ ጎኑን እዩ። ምላሳቸውን ወደ ላንቃ እንዲያነሱ አድርጋችሁ ሥሩን እዩ። ይሄን ቦታ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ክፉ ቁስል የሚደበቀው ግን ብዙ ጊዜ እዚያና የምላስ ጎን ላይ ነው። በመጨረሻ ድድና ጥርስ። ጥርስ ስታዩ አናቱን ብቻ አትመልከቱ። በዕድሜ ድድ ሲሸሽ ስሩ ይጋለጣል፤ ስሩ ደግሞ እንደ ጥርሱ አናት በጠንካራ ሽፋን አልተጠበቀም፣ ቶሎ ይበላል። ከድድ አጠገብ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር ካለ የአረጋውያን መቦርቦር የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ለማነጻጸር ይጠቅማል።

እግረ መንገዴን፦ የብዙ እናቶቻችን ድድ ጠቁሮ ብታዩ አትደንግጡ። ውቅራት ነው። በልጅነታቸው ለውበት የተነቀሱት ነው። ችግሩ ውቅራት ያለበት ድድ ሲቆጣ መቅላቱ አይታይም። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ እብጠቱንና መድማቱን እዩ።

አባቶች ዘንድ ሌላ ጣጣ አለ። አባት ለወንድ ልጁ አፉን መክፈት ይከብደዋል። የልጅ ልጅ ላኩበት። «አባባ፣ ጥርስዎን ልቁጠርልዎት?» ስትለው እምቢ የሚል አያት አላየሁም። ሙሉ ቁጥሩ 32 ነው፣ ልጅቷም ቆጠራ ትለማመዳለች።

2. ያያችሁትን ለዩ፦ የማይጠብቅ፣ የሚጠብቅ

እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ትኩሳት ከተጨመረ፣ ያ የጥርስ ሕመም መሆኑ ቀርቷል። ሕይወትን የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ነው። ሌሊትም ቢሆን መኪና ተኮናትራችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱ። «ይንጋ» አትበሉ። በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፣ አፍ ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት ካለ ባያምም ሐኪም ይየው። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ሲጋራ፣ ሱረት ወይም ብዙ አረቄ የለመደ ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ሳምንት እንኳ ሙሉ አትጠብቁ።

ሕመሙም ራሱ ይናገራል። ቀዝቃዛ ሲነካው ጥቅ አድርጎ ወዲያው ከተወ፣ ወይ ስሩ ተጋልጧል ወይ መቦርቦሩ ገና ነው፤ ሙሌት ሊያድነው ይችላል። ትኩስ ነገር ሲነካው ለረጅም ጊዜ የሚጠዘጥዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ነርቩ ተነክቷል። ያኔ ምርጫው ወይ የስር ሕክምና ወይ መንቀል ነው። አንድ ማታለያ አለ። ሳምንት ሙሉ ሲያሰቃይ የነበረ ጥርስ ድንገት ዝም ይላል። እናቶች «ዳንኩ፣ ማርያም ማረችኝ» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ነርቩ ስለሞተ ነው። መግሉ ከስር ቀስ ብሎ ይሰበሰብና ከወር በኋላ በእብጠት ይመጣል።

እኛ አገር ደግሞ ሁሉም ነገር «ብርድ ነው»። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ማስተባበል አይቻልም። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል። ብርድ ግን ጥርስ አይበላም። የተበላውን ወይም የተጋለጠውን ጥርስ ነው የሚቀሰቅሰው።

ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ፓራሲታሞል ይሻላል። ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ችግር ላለበት ሰው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሰጥም። ቅርንፉድ ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛል፣ አያድንም። አረቄ ይዞ መቆየት፣ ነጭ ሽንኩርት ወትፎ ማደር፣ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ድዱን ያቃጥላል፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ ሁለት ሕመም ይዛችሁ ነው። ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ደግሞ የለመድነው ክፉ አመል ነው። መድኃኒቱ መግሉን ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አይጠርግም፤ ጀርሙን ግን ያለምደዋል።

3. ቤት ውስጥ፦ ብሩሽ፣ መፋቂያ፣ ሞቅ ያለ ውሃ

እማዬ ጥርሷን ጠዋት የማትቦርሸው ለምን እንደሆነ የገባኝ ራሴ ከእንስራው ቀድቼ ስጉመጠመጥ ነው። ውሃው በረዶ ነው! የተጋለጠ ስር ያለው ሰው በዚያ ውሃ ይጉመጥመጥ ማለት ግፍ ነው። መፍትሔው ሞኝ የሚያስመስል ነው፦ ሞቅ ያለ ውሃ። ለቡና ውሃ ሲጣድ አንድ ስኒ ለጥርስ ይቀነስ።

ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ጠንካራ ብሩሽ የሸሸውን ድድ የባሰ ያሸሻል፣ ስሩንም ይፍቃል። ፀጉሩ ሲበተን ወይም ሦስት ወር ሲሆነው ቀይሩት። የጥርስ ሳሙናው (ስሙ ምንም ይሁን እኛ ሁሉንም ኮልጌት ነው የምንለው) ፍሎራይድ ያለበት መሆን አለበት። ቱቦው ጀርባ ላይ የፍሎራይዱን መጠን የሚናገር፣ ppm የሚል የተጻፈበት፣ ከ1000 እስከ 1500 የሚደርስ ቁጥር ፈልጉ። ፍሎራይዱ የላላውን የጥርስ ሽፋን መልሶ ያጠነክራል፤ ለተጋለጠ ስር ደግሞ የተለየ ውለታ ይውላል። መጠኑ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

አቦራረሹ እንዲህ ነው። ብሩሹን ግማሹ ድድ፣ ግማሹ ጥርስ ላይ እንዲያርፍ ዘንበል አድርጉ። በትንሽ በትንሹ፣ ክብ እየሠራችሁ፣ ሳትጫኑ። ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ከአናቱ። ሁለት ደቂቃ። ስትጨርሱ አረፋውን ትፉ፤ በብዙ ውሃ አትጉመጥመጡ። ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ እንዲቆይ ነው። ይህን ለእማዬ ማሳመን ከሁሉም ከበደኝ። «ሳሙና አፌ ውስጥ ትቼ ልተኛ?» አለች። ለአንድ ሳምንት በቁጣ፣ ከዚያ በልማድ ሆነ። በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ መቅረት ካለበት የጠዋቱ ይቅር፣ የማታው አይቅር። ሌሊት ምራቅ ይቀንሳል፣ ጥርስ ጠባቂ የለውም።

ድድ ሲደማ ብዙ ሰው መቦርሹን ያቆማል። ተገላቢጦሽ ነው። የሚደማው ቆሻሻ ስላለ ነው፤ በለስላሳው ከቀጠሉ ብዙ ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይቀንሳል። ካልቀነሰ ሐኪም ዘንድ የጥርስ እጥበት (የተጋገረውን ቆሻሻ ማስነሳት) ያስፈልገዋል።

ጣታቸው የተቆላመመ፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቀጭን ብሩሽ መያዝ አይችልም። እጀታውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ እሰሩት፣ ወይም የብስክሌት መሪ ላይ የሚገባውን ጎማ አልብሱት። እኔ ለአጎቴ ያደረግሁት ይህን ነው። የሚያርስበትን ሞፈር የሚመስል ብሩሽ ሆነ፣ ወደደው።

መፋቂያስ? እኔ መፋቂያ አልጠላም። ወይራው፣ ልምጩ፣ ክትክታው ሁሉ በአግባቡ ከተያዘ የጥርሱን ፊት ያጸዳል። ግን ሦስት ነገር፦ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ይለስልስ፤ ከድድ ወደ ጥርስ ይፋቅ እንጂ ወደ ጎን አይገዝገዝ፤ የመንጋጋ ውስጠኛው ጎን ስለማይደርስ ማታ ብሩሽ ይጨመርበት። መፋቂያውም ፍሎራይድ የለውም። ያንኑ የለመዱትን መፋቂያ የጥርስ ሳሙና እየቀቡ ቢጠቀሙበት እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ከሰልና አመድ ግን ይቅር። የሚያነጣው ጥርሱን እየሞረደ ነው።

በጥርስ መሃል የገባ ሥጋ በመርፌ፣ በስፒል፣ በክብሪት እንጨት አይወጣም። ስቴኪኒ በዝግታ፣ ወይም የጥርስ ክር።

አልጋ የያዘ ሰው ካለ ቀና አድርጋችሁ ወይም በጎኑ አስተኝታችሁ ቦርሹለት። ሳሙናው እጅግ ትንሽ፣ ውሃው ጠብታ ያህል ይሁን፤ ትን እንዳይለው። ጥርስ ባይኖረውም ድዱንና ምላሱን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉለት። ያልጸዳ አፍ ውስጥ ያለው ጀርም ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ያመጣል።

4. ሻዩ፣ ከረሜላው፣ የደረቀ አፍ

ጥርስ ሲያም ሰው ወደ ለስላሳ ይሄዳል። ለስላሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳቦ በሻይ ነው፣ ሻዩም አራት ማንኪያ ስኳር። አንድ ብርጭቆ ሻይ ከጠዋት እስከ ረፋድ እየቀመሱ ማቆየት፣ በአንዴ ከመጠጣት የከፋ ነው። ስኳር አፍ በነካ ቁጥር ጀርሞቹ አሲድ ይሠራሉ፣ ጥርሱም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል እየተበላ ነው። ይልቅ ለስላሳውን ከራሳችን ምግብ ፈልጉ፦ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ አጥሚት፣ ክክ ወጥ፣ በፍስክ እርጎና እንቁላል። የእነዋሪን ምስር ያየ ሰው ለስላሳ ምግብ አጣሁ አይልም።

አፋቸው የሚደርቅ ከሆነ መድኃኒታቸውን እዩ። አንዳንድ የግፊት፣ የእንቅልፍ፣ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች ምራቅ ይቀንሳሉ። ምራቅ ከሌለ ጥርስ በወራት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ውሃ ቶሎ ቶሎ ጎንጨት ያድርጉ፣ ከረሜላ አይምጠጡ። አምሎዲፒን ወይም ኒፈዲፒን የሚወስዱ ከሆነና ድዳቸው እያበጠ ጥርሱን የሸፈነው ከመሰለ፣ ያ የመድኃኒቱ ጠባይ ሊሆን ስለሚችል ለጻፈው ሐኪም ንገሩት። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ስኳር ሕመም ላይ አንድ የማይነገር ነገር አለ። ስኳሩ ድድን ያበላሻል፤ የተበላሸ ድድ ደግሞ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። መድኃኒት እየወሰዱ ስኳራቸው አልወርድ ላለ ሰው ድዱን ማሳየት ተገቢ ነው።

5. ከመሄዳችሁ በፊት

የጤና መድህን ደብተር ካላቸው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሪፈር አጽፉ። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪስ ነው። ካርድ ክፍሉ ጋ «ማስነቀል፣ ሙሌት፣ እጥበት በመድህን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ሰራሽ ጥርስ ከመድህኑ ውጪ ነው ብላችሁ ተዘጋጁ። ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ለሚመጣ ሰው መዳረሻው ደብረ ብርሃን ነው፣ ሆስፒታሉም የግል ክሊኒኮቹም እዚያ ናቸው። ለምንጃሮች አዳማ ይቀርባል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ በጣርማበር ብርድ ያለፈ ሽማግሌ በዚያው ቀን ተነቅሎ ይመለስ ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ዘመድ ቤት አንድ ሌሊት ያስይዙላቸው።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከነካርቶኑ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስም ከማስታወስ ይሻላል። በተለይ ደም ማቅጠኛ (አስፕሪን፣ ዋርፋሪን)፣ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት፣ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ካለ ገና ሳይቀመጡ ተናገሩ። ደም ማቅጠኛን «ሊነቀል ነው» ብሎ በራስ ማቋረጥ ከጥርሱ የባሰ አደጋ ነው፤ ሐኪሙ ይወስን። የግፊት ክኒናቸውን እንደወትሮው ይዋጡ። ግፊት 180 በ110 ከደረሰ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሐኪሙ ይመልሳችኋል፣ መንገዱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስኳር ያለባቸው ቁርስ በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው፣ በጠዋት ቀጠሮ ይሂዱ።

እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» ያለች እናት በባዶ ሆዷ ማደንዘዣ ተወግታ ሲያዞራት አይቻለሁ። አትከራከሯት። ለንስሐ አባቷ ስልክ ደውሉ። ለታመመ ሰው ቀኖናው መንገድ አለው፣ እሳቸው «ብዪ» ሲሏት የእናንተ የሦስት ቀን ልመና በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ቆራቢ ከሆነች ደግሞ ቀጠሮው ከቅዳሴዋ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድማችሁ ጠይቋት። ቆርባ መድማትና መትፋት አይሆንላትም፣ እየደማችም አትቆርብም። ይህን ሳያገናዝብ የተያዘ ቀጠሮ ዝም ተብሎ ይቀራል፤ ለምን እንደቀረችም አትነግራችሁም።

6. ወንበሩ ላይ

አብራችሁ ግቡ። ሐኪሙ «እማማ፣ የትኛው ነው ያመመዎት?» ሲል እጃቸው የሚያርፈው ጉንጫቸው ላይ ነው እንጂ ጥርሱ ላይ አይደለም። እማዬን መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ ያለ ራጅ አንድ ጥርስ ነቅለው ሸኟት። ሕመሙ አብሯት ተመለሰ። የታመመው ጎረቤቱ ነበር። ስለዚህ «ከመንቀልዎ በፊት ራጅ ብናነሳውስ?» ማለት ነውር አይደለም።

ሦስት ጥያቄ ያዙ። ይህ ጥርስ መዳን ይችላል? ካልተነቀለ ምን ይሆናል? ከተነቀለ በቦታው ምን ይገባል? እኛ አገር አረጋዊ ሲሆን «ንቀለውና ልረፍ» ቶሎ ይባላል። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ እንደ እማዬ ዓይነት ስሩ ብቻ ለቀረ ጥርስ ሌላ መንገድ የለም። ግን ለጸና ጥርስ ተሟገቱ። በተለይ የታች ክራንቻዎች። ሁለት ጤነኛ ክራንቻ ከታች ካሉ ወደፊት የሚሠራው ጥርስ የሚደገፍባቸው ምሰሶ ናቸው። «ሁሉንም አንድ ላይ አውጥተን በአዲስ እንተካው» ከተባለ ሌላ ሐኪም ጨምራችሁ ጠይቁ።

እጥበት ከታዘዘ አሳጥቡ። «ካሳጠብኩ በኋላ ጥርሴ ተነቃነቀ» የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። የሚሆነው ይህ ነው፦ ለዓመታት የተጋገረው ድንጋይ ጥርሶቹን እንደ ጭቃ ግድግዳ አያይዟቸው ነበር። ሲነሳ ከስር የነበረው መነቃነቅ ይታያል። ድንጋዩ ግን ድዱን ሲያሸሽ የኖረ ነው። የሚያነቃንቀው እሱ ነው።

7. ከተነቀለ በኋላ

ጎዙን (ሐኪሙ የተነቀለበት ቦታ ላይ የሚያስነክሰውን ፋሻ) ለግማሽ ሰዓት ጥብቅ አድርገው ይንከሱ። እያነሱ ማየት የለም። የደነዘዘ ከንፈር እንዳይነክሱ፣ ትኩስም እንዳይጠጡ ጠብቁ። እስከ ነገ በዚህ ሰዓት መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ ጠላም ሆነ አረቄ፣ ሲጋራ የለም። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ፋሻው ነው፤ ከወጣ አጥንቱ ይጋለጣል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ወደ ጆሮ የሚሄድ ብርቱ ሕመም ይመጣል። ያ ከመጣ ተመለሱ። «ይጠጣልሽ» ብሎ ጤናዳምና አረቄ የሚያመጣ ጎረቤት አይጠፋም። አመስግናችሁ ለራሱ አጠጡት።

ከ24 ሰዓት በኋላ በአንድ ብርጭቆ ሞቅ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከምግብ በኋላ ቀስ ብሎ ማንገዋለል። ምራቅ ላይ ቀላ ያለ ነገር ማየት የመጀመሪያው ቀን ያለ ነው። አፍ እየሞላ ከደማ አዲስ ጎዝ ለግማሽ ሰዓት አስነክሱ፤ ካልቆመ ወደ ሆስፒታል።

8. ሰው ሰራሽ ጥርስ

ብዙ ጥርስ ከተነቀለ ድዱና አጥንቱ እስኪረጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይጠበቃል። ከዚያ ልክ ይወሰዳል፣ አነካከሱ ይለካል፣ በሰም ይሞከራል፣ ይገጠማል፣ ይስተካከላል። ቢያንስ አራት አምስት ምልልስ ነው። ሂሳቡን ስትጠይቁ «ማስተካከያውስ በዚሁ ውስጥ ነው?» በሉ። «በአንድ ቀን፣ የማይወልቅ አድርጌ ድድ ላይ እለጥፍላችኋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ውጡ። ሥሩ አይጸዳም፣ አጠገቡ ያሉትን ደህናዎች ይዞ ይሄዳል።

የላዩ ጥርስ ላንቃውን ስለሚይዝ ይጠብቃል። የታቹ ግን ምላስ እየገፋው ይንቀሳቀሳል። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው «ተታለልኩ» ብለው ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ስንት ሰው ቤት በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጥርስ አለ! መጀመሪያ ለስላሳ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በሁለቱም ጎን እኩል ያኝኩ። ጮክ ብለው ዳዊት ቢደግሙበት ምላሱ ቶሎ ይለምደዋል። ካቆሰላቸው ራሳችሁ በሞረድ አትንኩት፣ ሲሰበርም በአጣባቂ አታጣብቁት፤ ወደ ሠራው ሰው መልሱት።

ማታ ይወልቃል። ድድ ማረፍ አለበት፤ ሌሊቱን ለብሰውት ካደሩ ከስሩ ነጭ ፈንገስ ወይም መቅላት ይመጣል። በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል እንጂ በጥርስ ሳሙና አይፈተግም፣ ይሞረዳል። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ሲያጥቡት ከስር ውሃ የያዘ ሳፋ ይቀመጥ፤ ከእጅ ቢያመልጥ ሲሚንቶ ላይ አይወድቅም። አዳሩ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። ክዳን ያልኩት በምክንያት ነው። የእማዬን የመጀመሪያውን ጥርስ የእህቴ ልጅ ከብርጭቆው አውጥቶ ለቡችላ ሰጥቶታል።

አጥንቱ እየሟሸሸ ስለሚሄድ ከጥቂት ዓመት በኋላ መላላቱ አይቀርም፤ ያኔ ውስጡ እንዲሞላ ይደረጋል ወይም ይቀየራል። አንድም ጥርስ ባይቀራቸው በዓመት አንዴ አፋቸው ይታይ። ጥርስ ያላቸው በየስድስት ወሩ። እኔ ለመስቀልና ለፋሲካ ስገባ አደርገዋለሁ፣ ቀኑ አይጠፋብኝም። ይዤላት በምገባው ቡናና ሻማ መሃል አንድ ለስላሳ ብሩሽና አንድ የጥርስ ሳሙና እጨምራለሁ። ስኳሩን ወደ ግማሽ ኪሎ አውርጄዋለሁ፤ እማዬ እስካሁን አልተቀየመችም፣ ወይም አልነገረችኝም።